የልምምድ መርዶ

ለፖሊስ ሥልጠና ተዋናይ ሆኜ የተቀጠርኩት በምላሴ ነው። ቀበሌ ውስጥ ወረፋዬን የዘለለ አንድ ሰውዬን በስድብ ሳጥበው ኮማንደር ሙሉእመቤት ቆማ ስትሰማ ኖሮ፣ ስጨርስ ጠጋ ብላ፣ «ይቺን ቁጣ አዳራሽ ውስጥ ትደግሚልኛለሽ? አበል አለው» አለችኝ። ከአዲስ አበባ የመጣች አሠልጣኝ ናት። ከግርግሩ በኋላ የየወረዳው ፖሊሶች እንደ አዲስ ይሠልጥኑ ተብሎ ጅማ ተሰብስበው ነበር።

ከዚያ ወዲያ እኔ ታቢታ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ወድቄ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት ለራሴ ያስተማርኩ የቦሳ አዲስ ሰፈር ልጅ፣ ጠዋት ቦርሳዋን የተሰረቀች ነጋዴ፣ ከሰዓት ባሏ የደበደባት ሚስት እሆን ጀመር። ሠልጣኞቹ ወንበር ይስቡልኛል፣ ስሜን ይጠይቁኛል፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡኛል። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። በእውነተኛው ጣቢያ ወንበር የተሳበለት የሰፈሬ ሰው ግን አላውቅም።

አንድ ቀን ኮማንደሯ፣ «ነገ ትምህርቱ መርዶ ማርዳት ነው። እናት የምትሆን ትልቅ ሴት ፈልጊልኝ» አለችኝ።

ወዲያው የታዩኝ ሃደ ኸይሩ ናቸው። ስማቸው ከድጃ ነው፤ ሰፈሩ ግን በልጃቸው ስም፣ የኸይሩ እናት ብሎ ነው የሚጠራቸው። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ኸይሩ ሊሙ ገነት ቡና መጋዘን ውስጥ ጭነት ይሠራ ነበር። በግርግሩ ጊዜ፣ የዐረፋ ዋዜማ ዕለት ወደ ቤቱ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ ባለ ኬላ ፖሊሶች ከሚኒባስ አወረዱት። ሾፌሩ የነገረን ይህንኑ ብቻ ነው። እናቱ ከዚያ በኋላ ያልረገጡት ጣቢያ የለም። «እዚህ የለም» ይሏቸዋል። አንዱ ደግሞ፣ «ጫካ ገብቶ ይሆናላ፣ እኛን ምን ትጠይቂናለሽ?» ብሎ መልሷቸዋል። እንዳያለቅሱለት መርዶው የለ፣ እንዳይጠብቁት ድምፁ የለ። የሰፈሩ ሼህም፣ የጠፋ ሰው ምስክር እስኪገኝ ድረስ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል፣ የሬሳ ሶላት አይሰገድበትም ብለው ነበር።

ለምን እሳቸውን መረጥሽ ብትሉኝ፣ እነዚያ ፖሊሶች አንድ ቀን እንኳ የእሳቸውን ፊት ቀጥ ብለው ይዩ ብዬ ነው። እሳቸውም በፖሊስ በር ተጋብዘው ይግቡ፣ ወንበር ይሳብላቸው ብዬ ነው።

«ሃደ ኸይሩ፣ ልምምድ ነው» አልኳቸው። «ድራማ በሉት። ልጁም የውሸት፣ ሞቱም የውሸት።»

«ፖሊሱስ?»

«ፖሊሱማ የእውነት ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እሺ ኢንተለ ኮ» አሉ። «እመጣለሁ፣ ልጄ።»

አዳራሹ በሠልጣኝ ሞልቷል። ኮማንደሯ ከፊት ቆማ ታስተምራለች፤ «‘አረፈ’ አትበሉ። ‘አጣነው’ አትበሉ። ‘ትንሽ አሞት ነው’ ብላችሁም አትዋሹ። መጀመሪያ ስም አረጋግጡ፣ ቀጥሎ ዝምድና፣ ከዚያ ‘ሞቷል’ በሉ። ይህን ቃል ያልሰማ ሰው መጠበቁን አይተውም።»

ከኋላ ማጉረምረም ተነሳ። ፊቱ ከዕድሜው የቀደመ አንድ ኮንስታብል እጁን አወጣ። ዋቅጋሪ ይባላል፣ የአሰንዳቦ አካባቢ ልጅ ነው። «ኮማንደር፣ እኛ ዘንድ መርዶ ንጋት ላይ ነው የሚነገረው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ ዞር ዞር ብሎ...»

«ፖሊስ ከሆንክ ንጋት አትጠብቅም። በል ና፣ ከአንተ እንጀምር።»

«አፌ አመጣብኝ» አለ ዋቅጋሪ። አዳራሹ ሳቀ።

ለሃደ ኸይሩ ካርድ ተሰጣቸው። ማንበብ ስለማይችሉ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ የልጁ ስም ታዲዮስ፣ የሞተው በመኪና አደጋ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዋቅጋሪ ቆቡን አውልቆ ወንበር ሳበላቸው። ራሱም ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ኮንስታብል ዋቅጋሪ እባላለሁ። የልጅዎን ስም ይነግሩኛል?»

«ኸይሩ» አሉ።

«ታዲዮስ!» አልኩ በሹክሹክታ። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ዋቅጋሪ ካርዱን አየ፣ እሳቸውን አየ። «የኸይሩ ወላጅ እናት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እናቴ፣ ልጅዎ ኸይሩ ሞቷል።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሃደ ኸይሩ። አልጮኹም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ «የት?» ብለው ጠየቁ።

መልሱ ካርዱ ላይ አለ። ዋቅጋሪ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ኮማንደሯ፣ «በቃ! እንዲህ ነው የሚሠራው!» ብላ አጨበጨበች። ሠልጣኞቹም ተከትለው አጨበጨቡ። መርዶ ሲጨበጨብለት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ለሻይ ስንወጣ ዋቅጋሪ ቧንቧው ጋ መጣብኝ። «ሴትዮዋ ኸይሩ የሚለውን ስም ከየት አመጡት?»

«ከማህፀናቸው።»

«እ?»

«ልጃቸው ነው። የዐረፋ ዋዜማ ዕለት ከሚኒባስ አውርዳችሁ የት እንዳደረሳችሁት እናንተ ታውቃላችሁ። እስቲ ይህንንም በካርድ ጻፉልን።»

ቆቡን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞ ሄደ። ነካሁት ብዬ ኩራት ተሰማኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የቀሰቀሰኝ ለቅሶ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ ለማወቅ መነሳት አላስፈለገኝም። ስደርስ ግቢው ሞልቷል፣ ወንዶቹ ሸራ ይወጥራሉ፣ ሴቶቹ ሃደ ኸይሩን ከበዋል። ሰው ገፍቼ ገባሁ።

«ሃደ ኸይሩ! ልምምድ ነው ብዬዎት አልነበር?»

«ብለሽኛል» አሉ። «ፖሊሱ የእውነት ነው ያልሽኝም አንቺው ነሽ።»



ሼሁ ሸራው ሥር ተቀምጠው ነበር። አስጠሩኝ። «ታቢታ፣ አብረሻት ነበርሽ አሉኝ። ማን ነው ያረዳት?»

«ፖሊስ ነው፣ ግን...»

«ግን ምን?»

ዝም ልል እችል ነበር። ነገር ግን ዝም ማለት የምችል ሰው ብሆን ኖሮ አሁን የት በደረስኩ! «ማስተማሪያ ነው» አልኳቸው። «ከካርድ ነው የተናገረው። ስለ ኸይሩ ምንም አያውቅም።»

ሼሁ የሚቆጥሩበትን ሙስበሃ ጭናቸው ላይ አኖሩት። «በማስተማሪያ ሶላት አይሰገድም» አሉ ቀስ ብለው።

ነገሩ ሴቶቹ ዘንድ ሲደርስ ለቅሶው መሃል ላይ ተቆረጠ። የተቆረጠ ለቅሶ ከለቅሶ ይከፋል። ሃደ ኸይሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አዩኝ። የተቀማ ሰው አስተያየት ነው።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ ጎረቤታችን ሐጂራ፣ «አንድ ቀን እንኳ ብታፍኚው ምን ነበረበት?»

«በውሸት ይለቀስ?»

«ታዲያ በምን ይለቀስ? እውነቱን አንቺ አለሽ?»

የለኝም። ያልነበረኝን ነው የጠየቀችኝ። «የተናገረው ሰው ራሱ መጥቶ ይመልሰው» አልኩና ወጣሁ።

በባጃጅ ደርሼ ዋቅጋሪን ከአዳራሹ በር ላይ አገኘሁት። የሆነውን ስነግረው አንድም ነገር ሳይጠይቅ ተከተለኝ። መንገድ ላይ አስጠናሁት፤ «ልምምድ ነበር ትላለህ፣ ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ ያልቃል።»

«አያልቅም» አለኝ። ዞሬ አየሁት። ውጭ ውጭውን ያያል።

ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲገባ ወንዶቹ ብድግ አሉ። ጫማውን አወለቀ። ወንበር ቢያቀርቡለት እምቢ ብሎ ምንጣፉ ላይ፣ ከሃደ ኸይሩ ፊት ተቀመጠ።

«ትናንት የነገርኩዎት...» አለ፣ «ከካርድ ላይ ነው። ልምምድ ነው።»

ይኸው፣ አለቀ ብዬ ልነሳ ስል ቀጠለ። «ካርዱ ላይ ያልነበረው ግን...» አለና ቆመ። ያ አዳራሹ ያጨበጨበለት ሰው እጁን የሚያደርግበት አጣ። አማርኛውም ከዳው፣ ወደ ኦሮምኛ ገባ። ዞር ዞር እያለ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ እያወራ፣ ኮማንደሯ አትበሉ ያለችውን ሁሉ እያለ ቀስ ብሎ ደረሰበት። ያን ጊዜ አዲስ ቅጥር ነበር። ኬላ ላይ መደቡት። የዐረፋ ዋዜማ ዕለት ከሚኒባስ የወረዱ ልጆች ነበሩ። ቀኑን አንድ ባዶ ቤት ውስጥ ዋሉ፣ ሲመሽ ከኋላው ወዳለው ባሕር ዛፍ ወሰዷቸው።

«እኔ ባትሪ ያዝኩ» አለ። «ከወረዱት አንድም አልተመለሰም። ቦታውን አውቀዋለሁ።»

ሼሁ ጎንበስ አሉ። «ኸይሩ የሚባል ነበረባቸው?»

«ስማቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ሃደ ኸይሩ ብቻ ዓይናቸውን ከፊቱ አላነሱም። «ውኃ ጠየቁ?» አሉት።

«ጠየቁ።»

«ሰጠሃቸው?»

እግዜር ይይልኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ውሸታም ስዘልፍ የኖርኩ ሴት፣ ያን ጊዜ በሆዴ ዋሽ፣ ዋሽ፣ በናትህ ዋሽ እለው ነበር።

«አልሰጠሁም» አለ።

ሃደ ኸይሩ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ፤ ወደ ሼሁ ዞሩ። «እንግዲያው ያየውን ነው የሚናገረው» አሉ። «ሊያጽናናኝ ቢመጣ ኖሮ ሰጠሁ ይለኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ጎህ ሲቀድ የሰማሁት ለቅሶ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ልምምድ ነበር።

ሼሁ ምስክርነቱን ተቀብለው ለውዱእ መታጠቢያ ውኃ አስመጡ። ሰዉ ግቢው ውስጥ ተሰለፈ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ከፊታቸው ሬሳ የለም፣ ጥቂት የሣር ቦታ ብቻ። እኔ የጴንጤ ልጅ፣ ዋቅጋሪም የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ሁለታችን ብቻ ከሰልፍ ቀርተን አጥሩ ጋ ጎን ለጎን ቆምን። ከሌላ ሰው አጠገብ ብቆም በወደድኩ፣ ሌላ ግን አልነበረም።

«ዛሬውኑ ለኮማንደሯ እናገራለሁ» አለኝ።

«ያስሩሃል።»

«ይሰሩኝ። ቦታውን ካሳየሁ በኋላ።»

ከጠዋት ጀምሮ ለፖሊስ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። አልወጣ አለኝ። ጎበዝ አይባል፤ ባትሪ ይዟል። ገዳይ ልበለው ብል፣ መጥቶ የተናገረ እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ባነበብኩት ሁሉ ውስጥ አላገኘሁትም። ራቅ አላልኩም፣ ጠጋም አላልኩ።

«አላሁ አክበር» አሉ ሼሁ። ጸጥታ ሆነ። የጎረቤቶቼን ስግደት ካጥር ወዲህ ሆኜ ሳይ ነው ያደግኩት፤ ጎንበስ እስኪሉ፣ ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ጠበቅሁ። ማንም አላጎነበሰም። ሼሁ ደግመው አሉ፣ ሦስተኛም አራተኛም አሉ፣ ሰዉ እንደቆመ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አዞሩ፤ ወንዶቹ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«መቼ ነው የሚጀመረው?» አልኳት ወደ አጥሩ የቀረበችውን ሐጂራን።

«አለቀ እኮ» አለችኝ።

ሃደ ኸይሩ ያን ሁሉ ዘመን በየጣቢያው የለመኑት፣ ሰው ሁሉ ቃል እየመረጠ ሰላም ያላቸው፣ ለዚህች ሶላት ነበር። አንድ ሰው ባጃጅ ጠርቶ እስኪመጣለት ድረስ የምታልቅ ናት።

ሰልፉ ፈረሰ። ሃደ ኸይሩ ግን ፊታቸው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ እንደሆነ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። ሴቶቹ ሊደግፏቸው ጠጋ ሲሉ፣ ሳይዞሩ እጃቸውን ትንሽ አነሱ፤ ቆዩ፣ እንደማለት።