ከማታው ወተት ጋር

የአባቴ የግራ እግር አውራ ጣት ጠቁሯል። ሐኪሙ ነገሩን አላንዛዛውም፤ ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፣ ቁስሉ ካልዳነ እግሩ ይቆረጣል። ስኳሩ ደግሞ ኅዳር ከገባ ወዲህ እንቢ ብሏል። ኢንሱሊኑን በጨመሩለት ቁጥር እሱም ይጨምራል።

"አባት፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ተደብቀው የሚቀምሷት ነገር አለች?" አለው ሐኪሙ።

አባቴ ኦቦ ቦሩ እንዲህ ላለ ጥያቄ አፉን አይከፍትም። እኔ እከፍታለሁ።

"ምግቡን የምሠራው እኔ ነኝ። ማርም ጠላም ቤታችን አይገባም። መርፌውንም የምወጋው እኔው ነኝ።"

"ነርስ ነሽ?"

"አይደለሁም። ማንበብ ግን እችላለሁ።"

መጠኑን ጨምሮ ሸኘን። ወደ ሱሉልታ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ አባቴ፣ "ገለቴ፣ ሰውየውን ለምን ትናከሽዋለሽ? ነገ ቢላውን የሚይዘው እሱ ነው" አለኝ።

ፍሪጅ የለንም። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ፣ አልጋው ሥር ነው የማስቀምጠው። ጠዋት ጠዋት ከዚያ አውጥቶ፣ በመዳፉ አሙቆ የሚያቀብለኝ አባቴ ነው። እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እግሩ አብጦ መነሳት አቃተውና ማሰሮውን ራሴ ከፈትኩ። አሸዋ ብቻ።

"መድኃኒቱስ?"

"ጓሮ ነው፤ ከማታው ወተት ጋር።"

ወጣሁ። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። አጥሩ ሥር ያሳደርነው፣ ለሰብሳቢዎቹ የምናስረክበው ወተት ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። አጠገቡ የቆመው ብልቃጥም ውስጡ ድንጋይ ሆኗል።

አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት።

"ማን አውጣው አለህ?"

"ቀዝቃዛ ቦታ አላሉም? ያንቺ አሸዋ ይሞቃል። ጓሮ ያደረ ወተት ጎምዝዞ ያውቃል?"

"ወተት አይደለም እኮ አባዬ። በረዶ ከነካው ይሞታል።"

"መድኃኒት ይሞታል?"

"ይሞታል። ሬሳውን ነው ስወጋህ የከረምኩት።"

ብልቃጡን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው።

በአዲሱ ብልቃጥ ስኳሩ ወረደ። ጥቁሩ ግን ከጣቱ አልፎ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቶ ነበር።

ሐኪሙ ውጤቱን አየ፤ ጨርቁን ፈቶ እግሩንም አየ። "ስኳሩስ ታዘዘ። ምኑን ቢተዉት ነው፣ አባት?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ወይስ አሰጣጥሽ ላይ ስሕተት ነበር?"

አፌን ልከፍት ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ። "ጨሊሲ" አለኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ለሐኪሙ በአማርኛ መለሰለት።

"ጠላ ነው። ጎረቤት እየሄድኩ እጠጣ ነበር። እሷ አታውቅም።"

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "ትንሽ ቀደም ብለው ትተውት ቢሆን ኖሮ እግርዎን ባተረፍንልዎ ነበር።"

"አዎ" አለ አባቴ። ክንዴን አልለቀቀም።