ቀይ ጨርቅ በግራ እጄ

ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ የግራ እጄን አንጓ ጆሮዬ ላይ እለጥፋለሁ። እዝዝ ይላል፣ ንብ የገባበት ጣሳ ይመስል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያንን ድምፅ ሳልሰማ ሱሪ ለብሼ አላውቅም።

ዶክተር ቦአቺ አንጓዬ ላይ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር ሰፍቶ አገናኝቶታል። ደም በኃይል ሲገባበት እዝዝ ይላል፣ ደም መልሱም ይወፍራል፤ ያን ጊዜ የኩላሊት እጥበቱን ወፍራም መርፌ ይችላል። እስከዚያው ማሽኑ ደሜን የሚስበው አንገቴ ላይ በተተከለ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሁለት ጊዜ አመርቅዞ ሊገድለኝ ነበር። የቀኝ እጄ ሥሮች በግሉኮስ ብዛት ደርቀዋል። ያለኝ ግራው ብቻ ነው። የመጀመሪያው መርፌ ማክሰኞ ሊገባበት ተቀጥሯል።

ነርሷ ሲስተር አዶማ ክልክሉን ሁሉ በቃሌ አስጠንታኛለች። በዚህ እጅ ሰዓት አይታሰርም፣ ግፊት አይለካም፣ ዘንቢል አይንጠለጠልም፣ ተንተርሰውት አይተኙም። የለቅሶ ጨርቅ ግን አላነሳችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ አጎቴን አምፖንሳን ልንቀብር መንደራችን ኤጂሱ ተሰበሰብን። የእናቴ ወንድም ነው፤ በእኛ ዘንድ የሚወርሰው የእህት ልጅ ስለሆነ ከልጆቹ ቀድሜ ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። አክስቴ ሴርዋ የሟች ቅርብ ዘመድ እጁ ላይ የሚያስረውን ቀይ ጨርቅ ቀድዳ ስትመጣ ግራ እጄን ዘረጋሁላት። ቀኙ ለሰላምታ ያስፈልጋል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ተራ ይዞ ይጨብጣል፣ ግራ መስጠት ደግሞ ስድብ ነው። ሰዓት ክልክል መሆኑ ትዝ ብሎኛል። ጨርቅ ግን ለስላሳ ነው ብዬ አሰብኩ። ላላ አድርጊልኝ አልኳት፣ አላላችልኝ።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ነፋሱ ከድንኳኑ ጎን እየገባ በሰበሰን። የረጠበ ቋጠሮ እንደሚጠብቅ ልብሱን ራሱ የሚያጥብ ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን ልቤን ከበሮዎቹ ይዘውት ሄደዋል። ትልልቆቹ ሲመቱ መሬቱ ይነዝራል፣ ወንበሩ ይነዝራል፣ አጥንቴ ሳይቀር ይነዝራል። አጎቴ ከካካዎ እርሻው ሲመለስ ከሩቅ የሚያፏጨውን እያሰብኩ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። በየመሃሉ አንጓዬን እዳስሳለሁ፤ ይነዝራል፤ ደህና ነኝ እላለሁ።

ፓስተሩ ሊጸልይ ሲነሳ ከበሮዎቹ ዝም አሉ። እጄም ዝም አለ።

ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ምንም የለም። ቋጠሮውን በጥርሴ መፍታት ጀመርኩ። አክስቴ ከኋላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ምን መሆንህ ነው? ወንድሜ ገና አፈር አልቀመሰም።»

«አክስቴ፣ እጄ ቆሟል።»

«ሰው ሁሉ እያየህ ነው። ከቀብር በኋላ ትፈታዋለህ።»

ከቀብር በፊት የፈታ ሰው ሟቹን እንደካደ ይቆጠራል። ያንን አውቃለሁ። ሲስተር አዶማ ደግሞ ደሙ ውስጡ ከረጋ የስፌቱ ዕድሜ በሰዓት ነው የሚቆጠረው ብላኛለች። ፈታሁት። ከሥሩ ቆዳዬ ቦይ ሠርቷል። ጨርቁን አክስቴ መዳፍ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከወንበሮቹ መሃል አንዱ ወራሹ ሸሸ ሲል ሰማሁ። ሌላው ሽንት ይዞት ይሆናል አለው። ሽንት ከሸናሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

በእኛ አገር ቀብር ቅዳሜ ስለሆነ የኩማሲ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ለቀስተኛ ነው። ወደ ሆስፒታሉ የያዝኩት ሚኒባስ በየቀብር ሰልፉ ይቆማል። አንጓዬን ከጆሮዬ አላወረድኩም፤ ሾፌሩ ስልክ የማወራ መስሎት ሙዚቃውን ቀነሰልኝ። ቢቀንሰውም የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ሲስተር አዶማ ማዳመጫዋን አንጓዬ ላይ ከቦታ ቦታ እያዘዋወረች ፈለገች። ማን እንዳሰረኝ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ያ ይበልጥ አስፈራኝ። ዶክተሩ የሚስቱን ዘመድ ሊቀብር ሄዷል። ስትደውልለት የእሱም ስልክ ውስጥ ከበሮ ይሰማል።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጥቁር ኩታውን እንደተከናነበ ደረሰ። ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። እጁን ሊታጠብ ሲል አየው፣ ፈታው።

«አማቶቼ ዛሬ ይፈርዱብኛል» አለና ቢላ አነሳ።

እጄን አደንዝዘውታል፤ ሲጎተት ብቻ ይሰማኛል። የጉበት ቁራጭ የመሰለ ጥቁር ነገር አወጣ። ማገጃውን ለቀቀ፣ ጠበቅን። ደሙ አልሄደም። እንደገና ገባ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የቀለሙን ስንጥቅ እከተላለሁ፤ ስንጥቁ ካለቀ በኋላም ማየቴን አልተውኩም። ሦስተኛ እጅ የለኝም ብዬ አሰብኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ለቀቀ።

ሰፍቶ ሲጨርስ የቀኝ ጣቴን ይዞ ከስፌቱ በላይ አሳረፈልኝ። ደከም ያለ ነው። ግን ይነዝራል።

የማክሰኞው መርፌ ለሁለት ሳምንት ተላለፈ።

እሑድ አክስቴ ሴርዋ በቀብር ማግስት ከሚደረገው የምስጋና ጸሎት ቀጥታ ሆስፒታል መጣች፣ ለዚያ የሚለበሰውን ነጭና ጥቁር እንደለበሰች። አጎቴ ያለ እኔ ተቀብሯል። ሰው ምን እንዳለ አልነገረችኝም። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ፋሻውን ስታይ ቆየች፤ ቆሟል ያልኩት ምን እንደሆነ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። እጄን ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከፋሻው በላይ ለጠፈች።

ቶሎ ቀና አላለችም።

«ወንድሜ እንዲህ ነበር የሚያንኮራፋው» አለች።