ዘገምተኛው ሰርቨር

ወንድሜ ከሞተ በኋላም ጫማ መግዛቱን አላቆመም።

ፖስተኛው ካርቶን ታቅፎ በራችን ላይ ሲቆም ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። ሥራው ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው የሚያነበው። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትወጣና በእሱ ፈንታ «አቤት» ትላለች። አንድ ቀን ፖስተኛው «ባለቤቱ የለም እንዴ እማማ? ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት የሚፈርሙት» አላት።

«ወጣ ብሏል» አለችው።

እኔ ከጀርባዋ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። መስማቴን አውቃለች። ካርቶኑን ይዛ በአጠገቤ አለፈች።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ወንድሜ በጥቂቱ ብቻ ተሠርተው ቅዳሜ ጠዋት ለሽያጭ የሚለቀቁ ስኒከሮችን ከኢንተርኔት ሱቅ የሚገዛ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። እንዲህ ያለው ጫማ ዓይን እስኪርገበገብ ነው የሚያልቀው። ፕሮግራሙ የሚሠራው ቤታችን ውስጥ አይደለም፤ ሩቅ ቦታ በተከራየው ሰርቨር ላይ ነው፤ ማለትም ቀንም ሌትም በማይጠፋ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ። ኪራዩም የጫማውም ዋጋ፣ ወንድሜ የሽያጩን ትርፍ ካጠራቀመበት ካርድ ይቆረጣል። አንድ የጭነት መኪና ወንድሜን ሲገጨው ለእኛ ተደወለልን። ለሰርቨሩ ግን ማንም አልነገረውም።

ጫማዎቹ ሁሉ አርባ ሦስት ቁጥር ናቸው። «ገዢ ካጣሁ ራሴ አደርገዋለሁ» ይል ነበር። አሁን የሚሸጣቸው የለም። እናቴ ካርቶኑን ትከፍታለች፣ ስሱን ወረቀት ትገልጣለች፣ ክሩን በቀዳዳዎቹ ሁሉ አስገብታ ታስራለች፤ ከዚያ አልጋው ሥር ትደረድራቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ ቤት ቆማ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የዋለች ሴት ናት። ማታ ስትገባ ጫማዋን የምታወልቀው መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ ነው። ልማዷ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰርቨሩን ያከራየው ኩባንያ ለወንድሜ ኢሜይል ላከ። ማሽኑ አርጅቷልና በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ «ውድ ደንበኛችን፣ ሌላ ይምረጡ» ይላል። ስልኩ እኔ ጋ ስለሆነ፣ በምሠራበት ፋርማሲ ተራ ከሚጠብቁ ሰዎች ፊት ቆሜ ነበር ያነበብኩት። የአንዲቱን ሴት መድኃኒት ለሌላዋ ልሰጥ ምንም አልቀረኝም።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሽቦ ሄድኩ። ሽቦ የወንድሜ ጓደኛ ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነው፤ ግማሹ ከቅጥነቱ የመጣ ነው፣ ግማሹ አንገቱ ላይ ከማይጠፋው ገመድ።

«እህትዬ፣ ሁለት ምርጫ አለሽ» አለኝ ወንበር እየጠረገልኝ። «አንደኛው ይሄ ነው። ከሱቁ ማሽን ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰርቨር ነው። የግድግዳ ጎረቤት በይው። ሱቁ በሩን ሲከፍት ይሄ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ክፍሉ ውስጥ ያለው አሮጌ ኮምፒውተሩ ነው። ያውም በእናንተ ቤት ኢንተርኔት!» ሳቀ። «ኤሊ ጭኖ ሽምጥ እንደመጋለብ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ምርጫ ይሆናል?»

ሳቁን ዋጠው። ገመዱን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለው፣ መልሶ ፈታው። «እጁን አይተሽው አታውቂም ማለት ነው።»

«የማንን እጅ?»

ፕሮግራሙን ለሙከራ አስነስቶ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ። የሱቁ ገጽ ተከፍቶ ነበር። ማውሱን ማንም አልነካውም፤ ነጯ ቀስት ግን ከታች ከግራ ጥግ ተነሳች። በጫማው ሥዕል አጠገብ አለፈች፣ ቁጥሮቹ ጋ ደረሰች፣ አርባ ሁለት ላይ አረፈች። እዚያ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ፣ አሁን ትዝ ያላት ይመስል፣ ወደ አርባ ሦስት አለፈች።

ወንድሜ ብርጭቆ ሲያነሳ እንኳ አንዴ አጠገቡን ይነካ ነበር። ትንሽ ሳለን እስቅበት ነበር። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ሱቁ ማሽንን የሚለየው በአካሄዱ ነው» አለ ሽቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማሽን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሰው ይወላውላል። ስለዚህ ወንድምሽ የራሱን እጅ እንቅስቃሴ ቀዳው። ፕሮግራሙ በገዛ ቁጥር የሚደግመው እሱን ነው።»

«አዲሱ ሰርቨር ላይስ?»

«አዲሱ ስክሪን የለውም። ከማሽን ወደ ማሽን በቀጥታ ነው የሚነጋገረው፤ ስክሪን ከሌለ ደግሞ ቀስት የለም። እንደ ድሮው ያለ፣ ለሱቁ ቅርብም ሆኖ ስክሪንም ያለው ፈልጌ ነበር፤ የሚያከራይ የለም። ፈጣኑን ከያዝሽ ካርቶኑ ይመጣል፣ እጁ ግን አይኖርም። የቤቱን ከያዝሽ እጁ ይኖራል። ጫማውን ግን እርሺው።»

ቤት ስደርስ እናቴ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፣ ቆማ። እስኪገባት ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። ሲገባት ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ፈጣኑን ያዢዋ! ምን ያማክራል?»

«እማዬ፣ እጁ እኮ…»

«እጁን እኔ ነኝ የወለድኩት። እጁን አውቀዋለሁ።» ሽንኩርቱን በመዳፏ ሰበሰበችው። «በዚህ ቤት ስሙን የሚጠራልኝ ፖስተኛው ብቻ ነው። አንቺ እንኳ ትተሽዋል። ‹እሱ› ነው የምትይው። ፖስተኛውን ደግሞ ልታስቀሪብኝ ነው?»

እውነቷን ነው። ስሙ ጉሮሮዬ ላይ እየደረሰ ይመለሳል።

«አንድ ቅዳሜ ብቻ በዘገምተኛው እንሞክር» አልኳት። «አብረሽኝ እይው። ከዚያ ያልሽው ይሆናል።»

«አንቺ ልጅ ስታደርቂ» አለች። እንቢ ግን አላለችም።

ቅዳሜ ሽቦ በጠዋት መጥቶ የወንድሜን ኮምፒውተር አስነሳ። መጋረጃውን ስከፍት ብርሃኑ አልጋው ሥር ያሉትን የጫማ አፍንጫዎች ነካቸው፤ የሆኑ ሰዎች ተደርድረው ከአልጋው ሥር የሚያዩን መሰለኝ። እናቴ የራሷን በርጩማ ይዛ ገባች። የወንድሜ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሽቦ እንኳ በወንበሩ ጎን ተንበርክኮ ነበር የሚጽፈው። ሰዓቱ ሲደርስ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

ቀስቷ ተነሳች።

«ማን ነው የሚነዳው?» አለች እናቴ።

«ማንም፣ እትዬ» አለ ሽቦ።

ቀስቷ በጫማው ሥዕል አጠገብ አለፈች። አርባ ሁለት ላይ አረፈች። ተንቀጠቀጠች።

«አርባ ሁለት አይሆንህም» አለች እናቴ፣ ለስክሪኑ። ድምፏ ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሰን የነበረው ድምፅ ነው። «ጠብቦሃል ብዬህ የለም?»

ቀስቷ ወደ አርባ ሦስት አለፈች። ሽቦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቀስቷ የግዢውን ቁልፍ ስትጫን በስክሪኑ መሃል «አልቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«አልኳችሁ አይደል?» አለ ሽቦ፣ ሊዘጋው እጁን ከኪሱ እያወጣ።

«ቆይ!» አልኩት።

ቀስቷ አልቆመችም። በቀስታ ጽሑፉን አንዴ ዞረችው። ከዚያ ወደ ላይ ወጣች።

«ይሄን አላውቀውም» አለ ሽቦ። «ሁሌ ይገዛ ስለነበር እዚህ ደርሶ አያውቅም።» ትንሽ አሰበና በግንባሩ ላይ እጁን ጫነ። «ሱቁ ጫማ አጥቶ ወዲያው የሚወጣውንም ይጠረጥራል። ሲያጣ የሚያደርገውንም ቀድቶታል ማለት ነው።»

ቀስቷ ወደ ሴቶች ጫማ ገባች። ተረከዘ ረጃጅሞቹን አለፈቻቸው፣ ባለ አበባዎቹን አለፈቻቸው። ወፍራም ሶል ያለው፣ አፉ ሰፊ፣ ግራጫ ጫማ ላይ ቆመች። ማንም ወጣት ዞር ብሎ የማያየው ጫማ ነው። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ላይ አረፈች። ተንቀጠቀጠች። ወደ አርባ አለፈች። እዚያ ቆየች፣ በጣም ቆየች። ሽቦ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለ መስሎት ገመዱን ሊነካ ሲል፣ ቀስቷ ሳትገዛ ወጣችና ወደ ታች፣ ወደ ግራ ጥጓ ተመለሰች።

«የማን ነው ይሄ ቁጥር?» አለ ሽቦ።

«እኔንጃ» አልኩ። «እማዬ ሠላሳ ስምንት ናት።»

እናቴ ጎንበስ አለች። ጫማዋን እዚያው ፊታችን ስታወልቅ ሳያት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። የእግሯ ጀርባ አብጦ ያብለጨልጫል፤ የጫማው አፍ ጠርዝ ቆዳዋ ላይ ሰርጎ ቀይ ክብ ትቷል። በየቀኑ የማላውቃቸው ሰዎች ፋርማሲው መስኮት ላይ ሱሪያቸውን ሰብስበው እንዲህ ያለ እግር ያሳዩኛል። ተንበርክኬ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ጣቴ የተወው ጉድጓድ ሳይሞላ ቀረ።

«ለማንም አልነገርኩም» አለች። «በሩን እዘጋለሁ። እሱ በየት በኩል አየኝ?»

 

ሽቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እንግዲህ የትኛው ይሁን? ፈጣኑን ዛሬውኑ ልይዘው እችላለሁ።»

እናቴ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ እንዳሳረፈች ስክሪኑን አየችው።

«ይሄው ይሁን» አለች። «ጫማውን ካገኘ ወደ እኔ ጫማ አይሄድም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የፖስተኛውን ሞተር ሰማነው። እናቴ በርጩማው ላይ ነበረች፤ እኔ ያመጣሁላትን ሰፊ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ፊቷ ወደ በሩ ዞረ። ሞተሩ በራችን ጋ ሲደርስ ዝግ ያለ መሰለ፣ ከዚያ አልፎ ሄደ። ከወንድሜ ወንበር ኋላ ቆሜ ነበር። ስሙን ጠራሁት። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ።

«አቤት» አለች እናቴ።

ቀስቷ ከታች፣ ከግራ ጥግ ተነሳች።