መሬት የምትፈትለው

“ታዲያ ማን ሊያርመው ነው? ወንፈሉ የት አለ?” አማረ መርጫውን ከጀርባው ሳያወርድ ጮኸ። “አገሩ ሁሉ መድኃኒት ከለመደ ወዲህ ለአረም የሚወጣልኝ ጎረቤት አለኝ?”

“እኔ አለሁ።”

“እርስዎ! አንዴ ካጎነበሱ ቀና እስኪሉ ቅዳሴ ያልቃል እኮ፣ እትዬ የብርጓል!”

የብርጓል ሳቋ አመለጣት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ መሬቷን ለእኩል የሚያርስላት እሱ ነው፤ ምላሱ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም። የላይኛውን ማሳ በየዓመቱ ሲረጭ ዝም ብላዋለች። ከወይራው ሥር ያለውን የታችኛውን ግን እስከ ዛሬ አላስነካችም፤ አሁን ያንንም ልርጭ ብሎ መጥቷል።

ከላይኛው ማሳ አንድ ባቄላ ነቅላ አሳየችው፤ ሥሩ መላጣ ነው። ከታች ማንም ሳይዘራው የበቀለውን ስትነቅል ግን ትንንሽ እባጮች ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። አንዱን በጥፍሯ ብትሰብረው ውስጡ ቀላ።

“የግብርና ባለሙያው መሬቱን የሚያደልቡት ረቂቅ ነፍሳት እዚህ ውስጥ ናቸው አለኝ። መድኃኒቱ አረሙን ሲገድል እነሱንም ሳይጎዳ አይቀርም አለ።”

“‘ሳይጎዳ አይቀርም’ እንጀራ ይሆናል? ልጆቼ ከተማ ገቡ፤ ያለኝ አንድ ወገብ ነው። ካልረጨሁ የላይኛውንም አላርስም። ሌላ አራሽ ይፈልጉ።”

ሌላ አራሽ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

የብርጓል ተንበርክካ ከወይራው የረገፈውን እርጥብ ቅጠል ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ነጭ ክር አፈሩን ከአፈር አያይዞ ተዘርግቷል።

“ይሄማ ሻጋታ ነው” አለ አማረ።

“ሻጋታ ነው። ሥሩን የሚያጠጣ ሻጋታ።”

ጭጋጉ ከጮቄ ተራራ በኩል እየወረደ ነበር። ጥጥ ስትፈትል እንዝርቱ እየዞረ በዓይኗ ላይ እንቅልፍ ይጥልባት እንደነበረው፣ አሁንም ሰውነቷ ላላ። መሬት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ የምትፈትል መሰላት፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ማንም ሳያመሰግናት፣ ክሩን ከሥር ወደ ሥር እያቀበለች። በላይኛው ማሳ እንዝርቱ ወድቋል፤ የሚያነሣው የለም። ክሩ ጣቷን ነክቶ ወደ ክንዷ የሚወጣ፣ እሷንም ከባቄላው ጋር የሚያስር መሰላት። ደስም አላት፤ ፈራችም።

“አትርጨው” አለች፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው በዝግታ። “የላይኛውም ጦም ይደር።”

ከዚያ አንድ ሙጃ ነቀለች። ሥሩ ይዞት የወጣውን አፈር ቀስ አድርጋ አራግፋ መለሰችው። ሌላም ነቀለች። አማረ መርጫው በጀርባው እየተንቦጫረቀ ወደ አምበር ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጣ፤ ጭጋጉም ማሳውን ሸፈነው፤ የብርጓል አጠገቧ ያለውን አረም ያዘች።