ሰባት መቶ ሃያ ያለ እጁን ያውጣ

ስሚማ የኔ ቆንጆ፣ ከፈተና በኋላ መልስ ማመሳከር የሚባለውን በሽታ ታውቂው የለ? ታውቂዋለሽ እንጂ፣ አንቺንም ይዞሽ ያውቃል። ሰው ገና ከበሩ ሳይወጣ «አምስተኛውን ምን አልሽ? አስረኛውንስ?» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው «እንዴ!» ይላል፣ ከዚያ የሆነ ሰው ፊት ይጠቁራል። ሁሌም የሆነ ሰው ፊት ይጠቁራል። ምሳው ከጉሮሮው አይወርድለትም።

እና ይኼ የምነግርሽ ሳይረን ስለሚሏት ልጅና ስለ ጓደኛዋ ነው። ሳይረን ያሏት ስትደነግጥ ስለምትጮኽ ነው። በር ድው ሲል ትጮኻለች፣ ከኋላ ሲነኳት ትጮኻለች፣ አንዴማ የገዛ ስልኳ ጠርቶ ጮኻ ቤተ መጻሕፍቱን በሙሉ ከመቀመጫው አስነስታዋለች። የማትጮኸው ደም ስታይ ብቻ ነው። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ሁሉም ፊቱን ሲያዞር እሷ ቁጭ ብላ ታጥብለታለች። ነርስ ነው መሆን የምትፈልገው፣ ሌላ ምንም።

ጓደኛዋ ደሞ ዳኛ ትባላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ከአፏ በልመና የሚወጣ። ዳኛ የተባለችው ክርክር በተነሳ ቁጥር የመጨረሻው ቃል የሷ ስለሆነ ነው። «ልክ ነው» ካለች ልክ ነው፣ አለቀ። «አይደለም» ካለች ደሞ ቤትሽ ገብተሽ አልቅሺ። አስተማሪዎቹ ራሳቸው ሰሌዳው ላይ ጽፈው ሲጨርሱ ዘወር ብለው ፊቷን ያያሉ፤ ቅንድቧ ከፍ ካለ ዳስተሩን ያነሳሉ። ሙች ስልሽ!

አሁን የሳይረንን ጉድ ልንገርሽ፣ ካለሱ ነገሩ አይገባሽም። ልጅቷ ደጋሚ ናት። አምና በዚሁ ፈተና ጠዋት ፊዚክስ ነበር፣ ከሰዓት ሒሳብ። ምሳ ላይ እንደ ሰው መልስ ልታመሳክር ገባች። አንዷን ስታለች፣ ሁለተኛዋንም ስታለች፣ ሦስተኛዋ ላይ ጣቶቿ ቀዘቀዙ። ሒሳቡ ሲመጣ ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሱባት ጀመር። ደብተሯን ስታነብ ያደረችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ወረቀቱን ባዶውን መለሰችው ማለት ይቻላል። የሚያናድደው ምን መሰለሽ? ፊዚክሱን አልፋለች! የጣላት ሒሳቡ ነው።

ያሳደገቻት አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ክፉ ሴት አይደለችም። «አንዴ መውደቅ የሰው ነው፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ሁለተኛ ከሆነ ግን በቃ፣ ከኔ ጋር መጥተሽ ቁልፍ ትተክያለሽ። አቅሜም ይኸው ነው።» ሳይረን ይኼን የነገረችው ለዳኛ ብቻ ነው። ዘንድሮ መጀመሪያ ክፍል ስትገባ ደጋሚ አጠገብ መቀመጥ የሚፈልግ ጠፍቶ በሩ ላይ ተገትራ ስትቀር፣ ዳኛ ናት ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ «እዚህ ክፍት ነው» ያለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ጥፍርና ሥጋ ሆኑ።

እና ዘንድሮ ሳይረን ምላለች። ከፊዚክስ እንደወጣሁ ጆሮዬን ይዤ ነው የምሮጠው ብላለች። ሮጠችም። ግን ቧንቧው ጋ ውሃ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል ማን ደረሰ? ማይክ። ማይክ ማለት ድምፁ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልገው፣ ጥያቄውን ሳያነብ መልሱን የሚያውቅ ልጅ ነው። ክፍሉን በሙሉ አስከትሎ መጥቶ የቧንቧው ግንብ ላይ ወጥቶ ቆመ።

«ጎበዝ! ሰባት መቶ ሃያ ያለ እጁን ያውጣ!»

የሊፍቱ ጥያቄ ነው። ስድሳ ኪሎ የሆነ ሰውዬ ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል፣ ሊፍቱ ወደ ላይ እየወጣ ሊቆም ሲል ፍጥነቱን በሁለት ሜትር በሰከንድ ካሬ ይቀንሳል፣ ሚዛኑ ስንት ያሳያል ነው የሚለው። ለዚህ ደሞ የቱቶሪያል አስተማሪያቸው መድኃኒት ሰጥቷቸዋል። በጭብጨባ ነበር ያስተማራቸው፦ «ወጣ ሲል?» «ደምር!» «ወረደ ሲል?» «ቀንስ!» ክፍሉ በሙሉ ተኝቶም ቢጠይቁት ይኼን አይስትም። ስለዚህ «ወደ ላይ» የምትለዋን ቃል ያየ ሁሉ የቀረውን ማን ያነባል? ደመረ።

እጅ ተነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ጫካ ሆነ። ሳይረንም ቀስ ብላ፣ ውሃ እየተንጠባጠበባት፣ የሷን አወጣች። ሰባት መቶ ሃያ ኒውተን ብላለች! ዘንድሮስ ከሰው እኩል ናት! ልቧ ቅቤ ጠጣ።

«ዳኛስ?» አለ ማይክ።

ዳኛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እጇ አልተነሳም።

«ዳኛ፣ እጅሽን ማንሳት ደከመሽ እንዴ?»

«አላመሳክርም።»

«እንዴት አታመሳክሪም? ያለ ዳኛ ጨዋታ አለ?» አለና ከግንቡ ዘሎ የጥያቄውን ወረቀት ከእጇ ላፍ አደረገው። ዳኛ ጥያቄው ጎን ላይ በእርሳስ የመልሷን ቁጥር የመጻፍ ልማድ አላት። ማይክ አየ። ደግሞ አየ። «አራት መቶ ሰማንያ?!»

ዳኛ አራት መቶ ሰማንያ ካለች... የሁሉም እጅ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር።

የሳይረን ጣቶች ቀዘቀዙ። ልክ እንደ አምናው፣ መጀመሪያ ጫፋቸው፣ ከዚያ እስከ መዳፏ። አልጮኸችም፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። የዳኛን እጅጌ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«በናትሽ ንገሪኝ። ስቻለሁ? እ? ደግሞ ስቻለሁ?»

ዳኛ እጅጌዋ ላይ ያሉትን ጣቶች አየቻቸው። ፊቷን አላየችም፣ ጣቶቿን ነው ያየችው። ከዚያ ቀና ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«እናንተ ብዙ፣ እኔ አንድ። ምን አባቴ እላለሁ?»

ወይኔ፣ ማይክን ብታዪው! «ዳኛ ተሻረች! ጎበዝ፣ ዛሬ ዳኛ ተሻረች!» ብሎ ግቢውን አናወጠው። አንዱ «ይግባኝ የለም!» ይላል፣ ሌላዋ «ነይ ቱቶሪያል እናስገባሽ፣ መደመር ከባድ ነው» ትላለች፣ ጭብጨባው «ወጣ ሲል ደምር» ሆኖ ተነሳ። ዓመቱን ሙሉ ፊቷን እያዩ ሲንቀጠቀጡ የኖሩ ልጆች ናቸው እኮ፣ ዕዳቸውን በአንዴ አወራረዱባት። ዳኛ ጆሮዋ ቀላ። ግን ፈገግ ብላ ወረቀቷን ተቀበለችው፣ ለአራት አጠፈችው፣ ኪሷ ከተተችው።

«ሂዱ ብሉ» አለች። «ሒሳብ በባዶ ሆድ አይሠራም።»

ሳይረን ምሳዋን በላች። ጥርግ አድርጋ ነው የበላችው! ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? ዳኛን ትከሻዋን መታ መታ እያደረገች «አይዞሽ እሺ፣ አንድ ጥያቄ ናት፣ ሰው ይሳሳታል» አለቻት። አጽናናቻት እኮ! ዳኛም ጨዋ ሆና «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች።

ከሰዓት ሒሳቡ መጣ። ሳይረን ወረቀቱን ስትገለብጥ ጣቶቿን አየቻቸው፤ ሞቅ ብለዋል። ቁጥሮቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አንዷን ሠራች፣ ሌላዋን ሠራች፣ የከበዳትን ዘለለች፣ ተመልሳ ያዘቻት። ገጽ ስታዞር ራሷን ታዘበችው፤ ውስጧ «ፊዚክሱን እንደሆን ከሰው እኩል ሠርቼዋለሁ» የሚል ነገር እንደ ምርኩዝ ይዟታል። ጊዜው ሳያልቅ ጨርሳ ደግማ አየችው። የጮኸችው ደወሉ ሲደወል ብቻ ነው፣ እሱም ከደስታ ነው፣ ፈታኙ ግን ክው ብሎ እስክሪብቶው ወደቀበት።

«አክስቴ ጋ እንሂድ፣ አሁኑኑ ልንገራት!» ብላ ዳኛን እየጎተተች ወጣች። አክስቷ የምትሰፋበት ክፍል አንድ ረጅም ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ሳይረን ሊፍት ትፈራለች፤ አንድም ቀን ገብታበት አታውቅም፣ ሁሌ በደረጃ እያለከለከች ነው የምትወጣው። ዛሬ ግን ልቧ አብጧል።

«በሊፍት» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ዳኛ፣ ሊፍቱን ትንሽ ጠርጠር አድርጋ እያየችው። ምን እንዳሰበች አሁን ይገባኛል።

ገቡ። ውስጥ አንድ ሽማግሌ የጨርቅ ጥቅል አቅፈው ቆመዋል። በሩ ተዘጋ፣ ሊፍቱ ተነሳ፣ ሳይረን እግሯ ከወለሉ ጋር የተጣበቀ መሰላት፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ደህና ሆነ፣ ዓይኗን ገለጠች። የፎቁ ቁጥር እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ፣ የመጨረሻው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ሊፍቱ ቀስ አለ። ያኔ ሆዷ ወደ ላይ ብድግ! ተረከዟ ቅልል!

ጮኸች። እንዴት ብላ እንደጮኸች አትጠይቂኝ።

«ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው፣ ጥቅላቸውን ይበልጥ አቅፈው።

«ኧረ ደህና ነኝ አባባ... ሆዴ ነው... ቀለልኩ...» አለችና አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ቆይ። ቆይ ቆይ። እየወጣን እኮ ነው። እየወጣን ነው የቀለልኩት!»

ዳኛ የበሩን ክፍተት ታያለች፣ እንዳልሰማ ሰው።

«ሊቆም ሲል ነው የቀለልኩት። ሰውዬውም... ሚዛን ላይ ያለው ሰውዬም ይቀልላል። አይደመርም፣ ይቀነሳል!» ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አሰላች። «አራት መቶ ሰማንያ።»

«ምኑ ነው ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

«ፊዚክስ ነው አባባ።»

«እግዜር ይማርሽ» ብለው በሩ እንደተከፈተ ቀድመው ወጡ።

አክስቷ ከወዲያኛው ክፍል፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች፣ ብቅ ብላ «ምነው ጩኸቱ? ሒሳቡስ?» አለች። «ሁሉንም ሠራሁ አክስቴ! አንድም ባዶ የለም! መጣሁ፣ አንዴ ብቻ!» አለችና ዳኛን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ አስያዘቻት።

«አንቺ! እያወቅሽ ነው አይደል? ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብሽ፣ ማይክ ተሻረች እያለ ሲጨፍርብሽ፣ እኔ ከንቱዋ አይዞሽ ስልሽ፣ ልኩ የቱ እንደሆነ እያወቅሽ ዋጥ አደረግሽው?»

ዳኛ ጫማዋን አየች። ሳይረን ልትቆጣ ነበር የያዘቻት፣ እሱም ቀረ፤ እንባዋ መጣ። እስቲ አስቢው፣ እኔ ብሆን ለራሴ መልስ ግቢውን አቃጥል ነበር። አንቺም እንደዚያው፣ አትዋሺ። ያቺ ልጅ ግን ያላትን አንድ ስም፣ የማትስተዋ ዳኛ መባሏን፣ ለሁለት የቀዘቀዙ እጆች ብላ ቧንቧ ስር ጣለችው፣ ደሞ ማንም እንዲያውቅላት አልፈለገችም። ሊፍቱ ባይኖር እስከ ዛሬ ማን ያውቅ ነበር?

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ሳይረን፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ምን ብላ እንደመለሰችላት ታውቂያለሽ? አንዲት ቃል ሳልጨምር ልንገርሽ፦

«የፊዚክሱን መልስ እኮ ሰብስበውታል፤ ብነግርሽ ምን ትለውጪያለሽ? ሒሳቡ ነበር ገና።»