ከአቦምሳ የመጣ ማር

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዳማ ውስጥ በእናትነሽ ቤት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እናትነሽ፣ ከአቦምሳ የመጣው ታላቅ ወንድሟ ዲበኩሉ፣ እና መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጎረቤቷ ኡሙሰልማ። ዲበኩሉ በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ በማንኪያ ሞልቶ ወደ እህቱ አፍ ዘርግቷል።

«በሞቴ! አንዴ ብቻ!»

እናትነሽ አፏን አልከፈተችም። ባለፈው ዓመት አንድ ኩላሊቱን የሰጣት እሱ ነው።

«ኩላሊቴን ስትወስጂ ዝም፣ ማሬን ስሰጥሽ ኩራት!» ብሎ ሳቀ። እጁን ግን አላጠፈም።

«ጋሽ ዲበኩሉ፣ ይተዋት» አለች ኡሙሰልማ። «ሐኪሟ ሳይፈቅድ አይሆንም።»

«ምነው? በሽታ ይከላከላል ይባል የለም እንዴ?»

«ችግሩ እሱ ነው። በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ነጭ የደም ሴሎቿን የሚያደክም ነው። ካልደከሙ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥረው ይወጉታል። እንዲህ ያሉ ዕፅዋት ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ሊቀሰቅሳቸው ይችላል። ለእርስዎ ደግ ነው፤ ለእሷ ግን ያስፈራል።»

ማሩ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ።

«ባዕድ? አንድ ጡት ጠብተን?»

«ደሟ ያንን አያውቅም።»

ዲበኩሉ ወደ እህቱ ዞረ። «ኧረ ደምሽን ምከሪው!»

እናትነሽ አልሳቀችም። ከወር በፊት የላከላትን አንድ ጠርሙስ እንዲሁ ያለ ማር በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስትበላ ቆይታለች። ባለፈው ሳምንት ምርመራዋ ኩላሊቱ መድከሙን ሲያሳይ ሐኪሙ፣ «ከክኒኑ ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት። «የለም» አለችው። ማር መድኃኒት አይደለም ብላ ነበር፤ የወንድሟ ስጦታ በክፉ እንዲነሳም አልፈለገችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጠርጥራ ትታዋለች።

«ጋሼ፣ የበፊቱን በልቼዋለሁ» አለች። «ሊያልቅ ምንም አልቀረው።»

ኡሙሰልማ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ለሐኪሙ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

ዲበኩሉ የጎኑን ጠባሳ በሸሚዙ ላይ ዳሰሰ። «እና እኔው ሰጥቼ፣ እኔው ላስወጋው ነው?»

እናትነሽ ማንኪያውን ከእጁ ወሰደችና እሱኑ መልሳ አጎረሰችው። አፉ ሞልቶ ዝም እንዳለ ስልኳን አንስታ ደወለች።

«ዶክተር፣ ባለፈው የደበቅኩዎት ነገር አለ።»

ሐኪሙ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱን ይዛ እንድትመጣ ነገራት። ዲበኩሉ በዚያው ቀን ወደ አቦምሳ የሚመልሰውን መኪና ተወና ጠርሙሱን ይዞ አብሯት ሄደ።