የቤላርሚኖ ሩብ ሰዓት

ኔሬይዳ የሰደበችው በማርች ሦስት፣ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቤላርሚኖ ደቂቃዋን ሳይቀር ይዟታል።

በኩባ፣ በካባይጓን ሲጋር ፋብሪካ ሲጋር የሚጠቀልሉት የጠቅላዮቹ እጅ ቅጠሉ ላይ፣ ጆሯቸው አንባቢዋ ኔሬይዳ ላይ ነው። ጠዋት ጋዜጣ ታነብላቸዋለች፣ ከሰዓት ደግሞ ልብ ወለድ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ሐሙስ ሐሙስ «ሰሞኑን ምን አነበብኩ፣ ስልኬ ላይስ ምን አገኘሁ» የምትባል ሩብ ሰዓት አለች። ያን ዕለት አንዲት ዓረፍተ ነገር ድገሚልኝ ቢላት፣ በማይክ፣ ሁለት መቶ ሰው እየሰማ፦

«ጓድ ቤላርሚኖ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥከውን እኔ ላስጨርስህ አልችልም» አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጠቅላዮቹ ደስ ሲላቸው እንደሚያደርጉት የቅጠል ቢላቸውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩላት። ጎኑ የሚቀመጠው ኤልፒዲዮ ከሁሉም አብልጦ አንኳኳ። ይህንንም ቤላርሚኖ ይዞበታል።

አሁን ኔሬይዳ ጡረታ ልትወጣ ነው። የአንባቢነቱን ወንበር የሚሰጠው ሠራተኛው ነው፤ የፈለገ ሰው የሐሙሷን ሩብ ሰዓት ያነባል፣ ቢላዎቹ ይፈርዳሉ። መጀመሪያ የተመዘገበው ቤላርሚኖ ነበር። ሠላሳ ዓመት አጎንብሶ ሲጠቀልል ለኖረ ሰው፣ ከዚያ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሳቁበትን አናቶች ቁልቁል ከማየት በላይ ምን ምኞት አለ?

ሸሚዙን ተኩሶ፣ ተራው ሲደርስ ወንበሩ ላይ ወጣ። ከስልኩ ጀመረ። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ይዛ ስለምትሄድ ፍየል አወራ። ከዚያ የቡና አጠጣጥ ስለ ጠባይ ምን እንደሚናገር የሚል ጽሑፍ አነበበ፤ ከሥሩ ያለውንም አልማረው፦ «ሃ ሃ ሃ። ይህን ለአሥር ሰው ያላከ ጥርሱ ይረግፋል።»

«የኔ ረግፎ አልቋል፣ አንተ ቀጥል!» አለች አሮጊቷ ዙላይማ ከኋላ።

ቢላዎች ተንኳኩ። በሩ አጠገብ የቆመችው ኔሬይዳ እንኳ ፈገግ አለች። የቤላርሚኖ ደረት ተነፋ።

«አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» አለ። «ሰሞኑን ያነበብኩት ጓድ ኔሬይዳ እያንጠባጠበች የምትሰጠንን ይህንኑ የዳኛውን ግድያ ልብ ወለድ ነው። እሷ በአራት ወር ያልጨረሰችውን እኔ በአንድ እሑድ ጨረስኩት! ግሩም መጽሐፍ ነው። በተለይ ገዳይዋ መነኩሲቷ መሆኗ!»

አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንድ ቢላ ሲሚንቶው ላይ ተወረወረ። ሌላ ተከተለ። ከዚያ የሁሉም ዘነበ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

«አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ገዳዩ አትክልተኛው ነው ብዬ አንድ ጠርሙስ ሩም አስይዤ ነበር!» ዙላይማ ጮኸች።

«አልጋ የያዘችው እናቴ የዕለቱን ታሪክ ይዤላት ቤት እስክገባ ነው የምትጠብቀው» አለ ኤልፒዲዮ። «ዛሬ ምን ልበላት?»

ከጠቅላዮቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ሲክስቶ እጃቸውን አነሡ። «ተዉት እስቲ። ልጄ፣ እንግዲህ አንዴ ከዘረገፍከው ጨርሰው። ዳኛው የተገደለበት ክፍል ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። መነኩሲቷ በየት ገባች?»

ቤላርሚኖ ያነበበው የመጀመሪያዎቹን አርባ ገጾችና የመጨረሻዎቹን ስድስት ብቻ ነበር። ወደ ኔሬይዳ ተመለከተ። አልሳቀችበትም፤ መልሱን ከልቧ ለመስማት ራሷን ዘንበል አድርጋለች፤ ይህ ደግሞ ባሰበት።

«በየት ገባች፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ሲክስቶ እንደገና።

ማይኩን አጠፋ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወረደ። በወለሉ በተበተኑት ቢላዎች መሃል እግሩን እየመረጠ፣ ማንንም ሳያይ፣ በበሩ ወጥቶ ሄደ።